የእናት የጭቃ ቤት፣ የልጅ የእንጨት ቤት

ከደብረ ብርሃን እስከ ኒው ሆፕ፦ ቤት በእንጨት ይሠራ ወይስ በአርማታ?

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ የእያንዳንዳችንን ኪስ የሚነካ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም፣ አገር ቤት ደግሞ ለወላጆቹ ወይም ለራሱ መጦሪያ ቤት ለማሠራት በየወሩ የሚልክ ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ለቡናም ሆነ ለክርስትና ስንሰባሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ብሎኬትና ሲሚንቶ ላይ ያርፋል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ሳናነሣው የምናልፈው አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ቤት በእንጨት ይሠራ ወይስ በአርማታ?

ጥያቄውን ያስነሡብን አንዲት እናት ናቸው።

አንድ ወንድማችን ከብዙ ዓመት የአፓርታማ ኑሮ በኋላ ኒው ሆፕ ውስጥ አንድ ያረጀ ቤት ገዛ። ቤቱን አሰማምሮ ሲያበቃ እናቱን ከደብረ ብርሃን አስመጣቸው። እናትም ክፍሉን ሁሉ ተዘዋውረው ካዩ በኋላ ሳሎኑ መካከል ቆም አሉና ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኼ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?»

ልጅ ሳቀ። በማግስቱ ግን ወደ ጋራዡ ይዟቸው ገባ። የጋራዡ ግድግዳ ከውስጥ በኩል አልተሸፈነም ነበርና ሞራሌዎቹ እንደተገተሩ ይታያሉ። እናት ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞር አሉ።

«ይኼማ ቋሚና ማገር ነው! ያንተም ቤት እንደ እኔው ነዋ! ጭቃው ብቻ ነው የቀረበት።»

ወንድማችን መልስ አልነበረውም። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የእናቱን የጭቃ ቤት አፍርሶ በብሎኬት ለማሠራት ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ተነጋግሮ፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለመላክ ተዘጋጅቶ ነበር። የዓመታት ጥሪቱ ነው። ለሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚከፍልበት የእሱ ቤት ከእንጨት ሆኖ ሳለ፣ ከእንጨት የተሠራውን የእናቱን ቤት ደግሞ ስላፈረበት ሊያፈርስ ነው። «ለቤት ሳማ፣ ለውጭ ቄጠማ» ይሏል ይኼ ነው።

ማገሩ አንድ ነው

እናት አልተሳሳቱም። የአሜሪካን ቤት ግድግዳ ላልበሰው ብናየው ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ሞራሌ የምንለው ዓይነት ቀጭን እንጨት በየ16 ኢንቹ ይቆማል። በውጭ በኩል ኮምፔንሳቶ ወይም ከእንጨት ስባሪ የተጣበቀ ገበታ ይለብሳል፤ በውስጥ በኩል ጂብሰም ይመታበታል። በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ከመስታወት ክር በተሠራ ጥጥ መሰል ነገር ይሞላል። ኳ ሲደረግ ባዶ የሚመስለው ለዚህ ነው።

በአገራችን ደግሞ አጣናው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይለሰናል። አሜሪካዊው ጥጥ የሚሞላበትን ቦታ የእኛ ሰው በጭቃና በጭድ ይሞላዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ሁለቱም አገሮች ይህን የመረጡት በደጃቸው ያለውን አይተው ነው። ሚኒሶታ የነጭ ጥድ ደን አገር ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግንዱ በሚሲሲፒ ወንዝ እየተንሳፈፈ ሚኒያፖሊስ መካከል በሚገኘው በሴንት አንተኒ ፏፏቴ ዳር ወደነበሩት መሰንጠቂያዎች ይወርድ ነበር። ከተማዋ ከዱቄት ወፍጮ በፊት የታወቀችው በመጋዝ ነው። እኛ ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አለን። አዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት አልቆባት ዋና ከተማነቷ ሊቀርና መቀመጫው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር ታሪክ ያስታውሳል። ከተማዋን በስፍራዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነው፤ ቢቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣልና።

ኒው ሆፕንም ብንወስድ ታሪኳ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎረቤቷ ክሪስታል በመንደርነት ስትቋቋም፣ ለማይፈልጉት ሥራ ግብር አንከፍልም ያሉ ገበሬዎች ተነጥለው የመሠረቷት ቀበሌ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ማሳው በቤት ተሞላና በ1953 እሷም መንደር ሆነች። ዛሬ ወገኖቻችን የሚገዟቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ካሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተረፉ ናቸው። ስድሳና ሰባ ክረምት አልፎባቸው እስከ ዛሬ ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። «የእንጨት ቤት አይበረክትም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

እንጨት ለዚህ አገር የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እዚህ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት መድረሱን የማያስታውስ የለም። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ እንጨት ሙቀትን ከኮንክሪት ብዙ እጥፍ ይይዛል። ባዶ ኮንክሪት ሙቀቱን በቀላሉ ያሳልፈዋል። እዚህ አገር በኮንክሪት ቤት የሚሠራ ሰው ቢኖርም ግድግዳውን በወፍራም አረፋ ማልበስ ግድ ይሆንበታል፤ አለበለዚያ የማሞቂያው ወጪ አይቻልም።

ነገር ግን «አስቀድሞ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። የሚኒሶታ የእንጨት ቤት የቆመው በኮንክሪት ላይ ነው። በክረምት መሬቱ ሲበርድ በውስጡ ያለው ውኃ ይረጋል፣ ያብጣል፤ የላዩንም ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በኒው ሆፕና በአካባቢዋ የግንባታ ሕጉ የቤት መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ እንዲወርድ ያዛል። በሰሜን ሚኒሶታ ደግሞ 60 ኢንች ነው። ቤዝመንት የምንለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ያህል ከተቆፈረ አይቀር ትንሽ ጨምሮ ክፍል ማድረግ ይሻላል ተብሎ ነው። ከመሬት በታች ኮንክሪት፣ ከመሬት በላይ እንጨት። አሜሪካዊው ሁለቱን አላጣላቸውም፤ ለየአንዳንዳቸው የሚችሉትን ሥራ ሰጣቸው።

አርማታ ምን ያህል ያስተማምናል?

አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከጣልያን የወረስናቸው ናቸው። የሲሚንቶ ፋብሪካም በአገራችን የተጀመረው በዚያው በወረራው ዘመን በድሬዳዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። የብሎኬት ቤት ያለው ሰው «ደረሰ» ይባላል። የጭቃ ቤት ያለው ደግሞ ገና ነው።

የአርማታን ጥቅም አንክድም። ምስጥ አይበላውም፣ አይበሰብስም፣ እሳት በቀላሉ አይጥለውም፣ ወደ ላይ ለመሥራት ይመቻል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያረፍንበት ሲዳር ሪቨርሳይድ ያለው የሪቨርሳይድ ፕላዛ ሕንፃ፣ ራልፍ ራፕሰን የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው፣ ኮንክሪት ነው። ከማማዎቹ ረጅሙ 39 ፎቅ አለው። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ለማኖር በሞራሌ አይታሰብም።

ሆኖም «ኮንክሪት ስለሆነ አያሰጋም» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 መጨረሻ በዚያው ሰፈር በሌላ ረጅም የኮንክሪት ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሥቶ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው አልወደቀም። የሚነደው የቤት ዕቃው ነው፤ የሚገድለውም ጢሱ ነው። በመኖሪያ ክፍሎቹ ውስጥ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም። በሌላ በኩል በሚኒያፖሊስ ኖርዝ ሉፕ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው ቲ ስሪ የተባለው የቢሮ ሕንፃ ሰባት ፎቅ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ ያለው አካሉ ወፍራም እንጨት ነው። እንግዲህ እንጨት የድሃ፣ ኮንክሪት የሀብታም የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም።

አርማታ ከእንጨት ይልቅ ባለሙያ ይፈልጋል። አሸዋው ጭቃ ካለበት፣ ውኃው ከበዛ፣ ሲሚንቶው ከተሰረቀ፣ ፌሮው ከቀጠነ ከውጭ ሲታይ ያማረ፣ ከውስጥ የእንቧይ ካብ ይሆናል። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ መሰንበት አለበት። በስልክ የሚቆጣጠር ባለቤት ግን ይህን ሊያይ አይችልም። ልስን ከለበሰ ደግሞ ስህተቱ ተቀብሯል። የጭቃ ቤት ችግሩን ደጅ ላይ ያሳያል፤ ሲሰነጠቅ ይታያል፣ ሲያዘም ይታያል፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይመረጋል።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ መጉዳቱ አይረሳም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከአዋሽና ፈንታሌ በኩል የተነሣው ንቅናቄም አዲስ አበባ ድረስ ሕዝቡን ከፎቅ ሲያስወርድ ሰንብቷል። ብርሃኑን የጠበቀ፣ ኮለኑና ቢሙ በደንብ የታሰረ አርማታ ይቋቋማል። ያልታሰረ ብሎኬትና በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ግን ከባድ ነውና ሲወድቅ ሰው ላይ ነው። በማገር የተያያዘ እንጨት ቀላልና የሚወዛወዝ ስለሆነ፣ እግሩ ካልበሰበሰ ለክፉ ቀን ይሻላል።

የጭቃ ቤት ስሙ ለምን ጠፋ?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ እንኳ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። እኛም ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያ ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን አፈርንበት?

ከምክንያቶቹ አንዱ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር የሆነ የቀበሌ ቤት ማን ያድሰው? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ የእኔ አይደለም ይላል። የጭቃ ቤት በየጊዜው መለሰን፣ ጣራው መታየት፣ ውኃ መውረጃው መጠረግ አለበት። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሳይነካ የቆየ ቤት ቢያዘም ጥፋቱ የጭቃው አይደለም። ከዚያም ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ተራ ደረሰ። «የጭቃ ቤት» ማለት «የሚፈርስ ቤት» ማለት ሆኖ ቀረ።

የእንጨትና የጭቃ ቤት ጉድለት የለውም አንልም። እሳት ጠላቱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው፣ ወለሉና ደረጃው እንጨት የሆነው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በቃጠሎ ምን ያህል እንደተጎዳ አይተናል። በወለጋ ምስጥ አጣናውን ከሥሩ ይጨርሰዋል። በደጋ ደግሞ እርጥበት አለ። መሬት ውስጥ በቀጥታ የተተከለ ቋሚ እግሩ ይበሰብሳል፤ ከጣራ የሚወርደው ዝናብ ከመሬት እየተረጨ የግድግዳውን ሥር ይበላዋል። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩና ከራሱ ነው። እግሩን በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ያደረጉለት፣ ራሱን ሰፋ ባለ ክፈፍ የሸፈኑለት፣ ዙሪያውን ቦይ የቆፈሩለት ቤት ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ሌሊት ይመልሳል። ስስ ብሎኬት፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው ከሆነ ግን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ለዚያ አገር ብሎኬት የሚልክ ሰው ኮርኒሱንና የግድግዳውን ውፍረት አብሮ ማሰብ አለበት።

ገንዘቡ ከመላኩ በፊት

አገር ቤት ለሚያሠሩ፦ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ በዚያ ቦታ ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈቅድ ይጠየቅ። በፕላን ተገዶ ብሎኬት የሆነበት ቦታ አለና። አፈሩ ጥቁር ወልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በእንጨትም ይሁን በብሎኬት መሠረቱ እስከ ጠንካራው መሬት መውረድ አለበት። ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይላክ፤ በደረጃ ይከፈል፦ ለመሠረት፣ ለግድግዳ፣ ለጣራ። ፌሮው ከመሸፈኑ በፊት በፎቶግራፍ ይታይ፤ ከተሠሪው ዘመድ ያልሆነ መሐንዲስ ቢያየው ደግሞ ይበልጥ ይበጃል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ነው። ከጭቃ ቤት ጎን የአርማታ ክፍል የሚጨምር ሰው የሁለቱን መሠረት ለየብቻ ያድርገው፤ አሰማመጣቸው እኩል አይደለምና አጣብቆ ያሠረ ሰው ግድግዳው ይሰነጠቅበታል።

እዚህ ለሚገዙ፦ የቀለሙን ነገር ተዉትና ቤዝመንት ውረዱ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ያበጠ፣ በአግድም የተሰነጠቀ፣ የውኃ ነጭ ምልክት ያለበት ከሆነ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ። ከጣራ የሚወርደው ውኃ ከቤቱ ርቆ ይፈስስ እንደሆነ እዩ። የእንጨት ቤት በኒው ሆፕም በደብረ ብርሃንም የሚገድለው ውኃ ነው። ዴክ ወይም ተጨማሪ ክፍል ስትሠሩ ከከተማው ፈቃድ አውጡ። ሠራተኛው የአገር ልጅ ቢሆንም እንኳ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሚኒሶታ የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ማጣራት ነውር አይደለም። ጋራዥ ፊት ያለው ኮንክሪት ደግሞ ጨው አይወድም፤ በክረምት ጨው በበዛበት ቁጥር ላዩ እየተላጠ ይሄዳል፤ አሸዋ ብትበትኑበት ይሻላል።

የእናት መልስ

ወደ ወንድማችን ጉዳይ እንመለስ። ከጋራዡ ንግግር በኋላ ነገሩ በቀላሉ አላለቀም። አዲስ አበባ ያለችው እህቱ በስልክ ተቆጣች። «አሜሪካ ልጅ እያላቸው በጭቃ ቤት ሲባል ሰው ምን ይለናል?» አለች። እሱም ቢሆን ያሰበው ይኼንኑ ነበር። እናት ከሶፋው ላይ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ።

በመጨረሻ፣ ከብዙ ቀን በኋላ፣ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃቸው። ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

«ልጄ፣ እኔን የቸገረኝ ግድግዳው አይደለም» አሉት። «ሌሊት ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ዝናብ ሲሆን ያንሸራትተኛል። አምና ወድቄ ነበር፤ አልነገርኳችሁም።»

ወንድማችን ይህን ሲነግረን ዓይኑን ወደ ሲኒው ጥሎ ነበር። ሙሉ ቤት ሊያፈርስ ተነሥቶ፣ እናቱን የጣላቸውን ነገር አላወቀውም።

ቤቱ አልፈረሰም። የበሰበሱት ቋሚዎች ተቀየሩ፤ ሥሩ በድንጋይ ታሰረ፤ ክፈፉ ሰፋ፤ ኮርኒስ ገባ። ከመኝታ ክፍላቸው ጎን ደግሞ በራሱ መሠረት ላይ የቆመ፣ ወለሉ አርማታ፣ ግድግዳው ብሎኬት የሆነ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት ተሠራ። ውኃ ያለበት ቦታ ሲሚንቶ፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ እንጨትና ጭቃ። ወጪው ለማፍረስ ከታቀደው በእጅጉ ያነሰ ነበር። እህቱ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላትም።

እናት ወደ አገራቸው የተመለሱት ሥራው ሳያልቅ ነው። ወለሉ በተሞላ ሳምንት ግንበኛው ማጠጣቱን እንዳይዘነጋ ጠርጥረው፣ ጠዋትና ማታ በጣሳ እየቀዱ ራሳቸው ሲያጠጡት ሰነበቱ አሉ።

አንባቢያን ሆይ፣ እናንተም ቤት ለማሠራት የምታስቡ ካላችሁ ግንበኛው ዘንድ ከመደወላችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ዘንድ ደውሉ። ያጋጠማችሁንም ጻፉልን፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል።

ቸር ያሰንብተን።